ሥር ሲታፈን፦ አራት ተክሎችን ውሃ ውስጥ አቁሜ የያዝኩት ማስታወሻ

ዝግጅት

ተክል ውሃ ሲበዛበት ለምን ይሞታል? ብዙ ሰው «ሥሩ በሰበሰ» ይልና ያልፋል። መበስበሱ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ከእሱ በፊት ሥሩ ውስጥ ብዙ ነገር ይካሄዳል። ይህን ሥራ የጀመርኩት ያንን በዓይኔ ለማየት ነው።

አራት ተክል መረጥኩ፦ አተር፣ ቲማቲም፣ በቆሎ እና ሩዝ። አተር ውሃ ከተኛበት ቶሎ እጅ ይሰጣል። ሩዝ ውሃ የለመደ ነው። ቲማቲምና በቆሎ መሃል ላይ ናቸው፤ ብዙ የማየውም ከእነሱ እንደሚሆን ጠብቄያለሁ። ሁሉንም በአንድ ዓይነት አፈር፣ እኩል በሆነ ማሰሮ ዘራሁ። የግማሾቹ ማሰሮ ከሥሩ ቀዳዳ አለው፤ ሳጠጣቸው ትርፉ ውሃ ይወርዳል። ግማሾቹን ደግሞ ትልቅ ባልዲ ውስጥ አስቀምጬ ውሃው ከአፈሩ ሁለት ጣት ያህል ከፍ እንዲል አደርጋለሁ።

ከእነዚህ ጎን ለጎን ያለ አፈር የሚያድጉ የቲማቲም ችግኞች አሉኝ። ሥራቸው ሙሉ በሙሉ መስታወት ዕቃ ውስጥ ባለ ውሃ ውስጥ ነው። ማዳበሪያው በሁሉም ዕቃ እኩል ሟሟቷል። ለአንደኛው ዕቃ የዓሣ ገንዳ የአየር ፓምፕ ገጠምኩለት። ለሌላኛው አየር አልሰጠሁትም፤ በዚያ ላይ አጋር የሚባል ከባሕር አረም የሚሠራ ማጠንከሪያ ዱቄት በሊትር 1 ግራም አሟሟሁበት። ይህን ያህል አጋር ውሃውን እንደ ጄሊ አያጠነክረውም፣ ረግቶ እንዳይንቀሳቀስ ብቻ ያደርገዋል። ተመራማሪዎች ውሃ የተኛበትን አፈር ለማስመሰል የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። ገዳዩ ራሱ ውሃው ከሆነ ሁለቱም ዕቃ ውስጥ ያሉት መጎዳት አለባቸው።

በየማሰሮው አንድ አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ሰክቻለሁ። በደንብ በሸካራ ወረቀት የተፈተገ፣ ያልተቀባ ተራ ብረት ነው። ብረት ለመዛግ ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ ዘንጉ ሲወጣ ዝገቱ የደረሰበትን ጥልቀት አይቶ ኦክስጅን እስከ የት እንደገባ መገመት ይቻላል። ርካሽ መሣሪያ ነው፤ ግን የሚነግረው ብዙ ነው።

ውሃው የገባ ዕለት

ውሃውን ቀስ ብዬ ሳፈስ አፈሩ ከየቦታው አረፋ ይተፋል። በአፈር ቅንጣቶች መሃል የነበረው አየር ነው የሚወጣው። ጥሩ አፈር ከይዞታው ትልቅ ድርሻው ባዶ ቀዳዳ ነው፤ ሥር የሚተነፍሰውም በእነዚያ ቀዳዳዎች በኩል ነው። አሁን ሁሉም በውሃ ተሞሉ።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ማስቀመጥ ይሻላል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከእነሱ ነው የሚነሳው። አንድ ሊትር አየር ውስጥ ወደ 270 ሚሊግራም የሚጠጋ ኦክስጅን አለ። 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለ አንድ ሊትር ውሃ ግን ቢበዛ 8 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። ይህ ብቻውን ከባድ ነው፤ የባሰው ግን ሌላ ነው። ኦክስጅን በረጋ ውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው። ያለችው ጥቂት ኦክስጅን ስታልቅ ተተኪው ከላይ በጊዜ አይደርስም። ሥሩም ባክቴሪያውም የቀረውን ይሻማሉ። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የሁሉም ፍላጎት ግን ይጨምራል። በሞቃት ጊዜ የሚመጣ ጎርፍ ይበልጥ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

በማግስቱ

አተሩ ጠውልጓል። ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቅጠሉ ውሃ አጥቷል! ሳየው ግር አለኝ፤ ምክንያቱ ግን ይታወቃል። ሥር ውስጥ ውሃ ከሴል ወደ ሴል የሚያልፍባቸው አኳፖሪን የሚባሉ የፕሮቲን በሮች አሉ። ኦክስጅን ሲጠፋ የሴሉ ውስጥ አሲዳማ ይሆናል፤ አሲዱም በሮቹን ይዘጋቸዋል። አረቢዶፕሲስ በሚባለው ትንሽ የላቦራቶሪ ተክል ላይ የተሠራ ጥናት በ2003 እ.ኤ.አ. ይህን አሳይቷል። ሥሩ በውሃ ተከቦ ውሃ መሳብ ያቅተዋል።

ቲማቲሙም ቅጠሉን ወደ ታች ደፍቷል። ከሩቅ ሲያዩት እንደ አተሩ የጠወለገ ይመስላል። ጠጋ ብዬ ስነካው ግን ሌላ ነገር ነው። የአተሩ ቅጠል ልፍስፍስ ያለ ነው፣ በጣት ሲያነሱት ተመልሶ ይወድቃል። የቲማቲሙ የቅጠል ዘንግ ደግሞ ጠንካራ ነው፣ በውሃ የተሞላ ነው። ወደ ላይ ለማቅናት ብሞክር የሚሰበር እንጂ የሚታጠፍ አይደለም። ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የላይኛው ጎን ከታችኛው ይበልጥ አድጎ ዘንጉን ወደ ታች ገፍቶታል። ይህ መጠውለግ አይደለም፤ እድገት ነው።

የዚህ ነገር አሠራር ከሁሉም ይበልጥ የወደድኩት ነው። ኤትሊን የሚባል ጋዝ አለ፤ የተክል ሆርሞን ነው፣ ፍሬ የሚያበስለውም እሱ ነው። ተክሉ ኤትሊንን ሲሠራ የመጨረሻው ደረጃ ኦክስጅን ይጠይቃል። የታፈነው ሥር ከመጨረሻው በፊት ያለውን ኤሲሲ የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራል፣ ከዚያ በላይ መሄድ አይችልም። ኤሲሲው ከውሃው ጋር በግንዱ ወደ ላይ ይወጣል። ቅጠሉ ጋ ኦክስጅን አለ፤ እዚያ ሲደርስ ወደ ኤትሊን ይቀየራል፣ ቅጠሉም ይደፋል። ብራድፎርድ እና ያንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በቲማቲም ላይ በ1980 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ሥሩ «ታፍኛለሁ» የሚለውን መልእክት የሚልከው ሳይጨርሰው ነው፤ የሚጨርሰው ቅጠሉ ነው።

በቆሎው ላይ እስካሁን ምንም አይታይም። ሩዙም ምንም አልሆነ።

ቀናት ሲያልፉ፦ አፈሩ ራሱ

ሽታው ተቀየረ። የአተሩን ማሰሮ አፈር በእንጨት ስነካካው የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይመጣል። ዘንጎቹን አወጣሁ። ውሃ ከሚወርድላቸው ማሰሮዎች የወጡት ከላይ እስከ ታች ዝገዋል። ውሃ ከተኛበት የአተር ማሰሮ የወጣው ዝገት ያለው ከላይ ቀጭን ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ግራጫና ጥቁር ነው። ከሩዙ ማሰሮ የወጣው ግን ታች ድረስ እዚህም እዚያም ብርቱካናማ ነጠብጣብ አለው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን አለቀ ብለው ሥራ አያቆሙም። በኦክስጅን ፈንታ ሌላ ነገር ይጠቀማሉ፣ ያውም በቅደም ተከተል። መጀመሪያ ናይትሬትን፣ ቀጥሎ ማንጋኒዝን፣ ከዚያ ብረትን፣ ከዚያ ሰልፌትን ይጠቀማሉ። መጨረሻ ላይ ሚቴን የሚያወጡት ይነሳሉ። ለተክሉ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ጣጣ አለው። ናይትሬቱ ጋዝ ሆኖ ሲበን ተክሉ ናይትሮጅን ያጣል፤ የበቆሎው የታችኛው ቅጠል ቢጫ መሆን የጀመረው በዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ የታፈነ ሥር የቀረውንም ቢሆን በደንብ መሳብ አይችልም። ማንጋኒዝና ብረት በሚሟሟ መልክ ሲበዙ መርዝ ይሆናሉ። ሰልፌት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሆናል፤ ሽታው የእሱ ነው፣ እሱም ለሥር መርዝ ነው። ስለዚህ ጎርፍ የመጣበት ተክል የሚገጥመው የአየር እጦት ብቻ አይደለም። ትንሽ ቆይቶ አፈሩም ይዞርበታል።

የመስታወት ዕቃዎቹን ደግሞ ልንገራችሁ። ፓምፕ የተገጠመለት ቲማቲም አብቧል። ሥሩ ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፣ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ነው። የረጋው ውሃ ውስጥ ያለው ሥር ጫፉ ቡናማ ሆኗል፣ ቅጠሉም ደፍቷል። ውሃው አንድ ነው፣ ማዳበሪያው አንድ ነው። አጋሩ ውሃውን ለማርጋት ብቻ ነው፤ ልዩነቱ አየሩ ነው። ለእኔ ይህ ጉዳዩን ይዘጋዋል።

ለምን ጫፉ ቀድሞ ይሞታል?

ሥሩን ሳወጣ ሁሌም መጀመሪያ የተጎዳው ጫፉ ነው። የሥር ጫፍ ሴል የሚከፋፈልበት ቦታ ነው፤ ብዙ ጉልበት ይበላል። ሴሎቹም ተጠጋግተው የተደረደሩ ስለሆኑ በመሃላቸው አየር ማለፊያ የለም ማለት ይቻላል።

ጉልበት ሲባል ይህ ነው፦ ሴል ኦክስጅን ሲኖረው ከአንድ የግሉኮስ (የስኳር) ሞለኪውል ወደ 30 የሚጠጋ ኤቲፒ ያገኛል፤ ኤቲፒ ሴል ጉልበቱን ይዞ የሚጠቀምበት ሞለኪውል ነው። ኦክስጅን ሲጠፋ እርሾ አልኮል በሚያወጣበት መንገድ ይሄዳል፤ ያኔ የሚያገኘው 2 ብቻ ነው። ያንኑ ሥራ ለመሥራት ስኳሩን በብዙ እጥፍ ማቃጠል አለበት ማለት ነው። ስኳር የሚመጣው ከቅጠል ነው፣ ቅጠሉ ደግሞ ውሃ ስላጣ ስኳር ለመሥራት አየር የሚያስገባበትን ቀዳዳ ዘግቷል። ተክሉ ታፍኖ ብቻ ሳይሆን ተርቦም ነው የሚሞተው።

ስለዚህ ሁለት መውጫ አለ። አንዱ አየር ወደ ሥሩ የሚደርስበትን መንገድ መሥራት ነው። ሌላው ሁሉንም ነገር ቀንሶ፣ ስኳርን ቆጥቦ ውሃው እስኪሄድ መጠበቅ ነው። ሁለቱንም ካየኋቸው ተክሎች ውስጥ አገኘኋቸው።

ምላጭና ማይክሮስኮፕ

ዛሬ ሥር ቆረጥኩ። ከእያንዳንዱ ተክል አንዳንድ ወፍራም ሥር ወስጄ በአዲስ ምላጭ በጣም ስስ አድርጌ አቋርጬ ቆረጥኩት። ለእጅ እንዲመች ሥሩን የተሰነጠቀ ካሮት መሃል አስገብቶ አብሮ መቁረጥ ነው። ከዚያ በውሃ ጠብታ መስታወት ላይ፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ሥር።

ውሃ የማይተኛበት የበቆሎ ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ በሴል የተሞላ ነው። መሃል ላይ ውሃና ስኳር የሚመላለስበት እምብርት አለ፣ ዙሪያውን ክብ ክብ ሴሎች ሞልተውታል። ውሃ የተኛበት የበቆሎ ሥር ግን መልኩ ሌላ ነው። እምብርቱ እንዳለ ነው፣ የውጭው ቆዳም አለ። በመሃላቸው የነበሩት ሴሎች ግን በየቦታው ጠፍተዋል። የቀሩት በቀጭን መስመር ቆመው እምብርቱን ከቆዳው ጋር ያያይዙታል፣ ልክ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ። ባዶዎቹ ቦታዎች አየር ናቸው። ጠብታውን ስጨምር ከውስጣቸው ጥቃቅን አረፋ ሲወጣ አየሁ።

ይህ አየር ያለበት ክፍል ኤረንካይማ ይባላል። በቆሎው ይህን ቦታ ያገኘው የራሱን ሴሎች ገድሎ ነው። ያዘዘውም ያው ኤትሊን ነው። ጋዝ በውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ ብያለሁ፤ ኦክስጅን መግባት እንዳቃተው ሁሉ ኤትሊንም መውጣት ያቅተዋል። ሥሩ ውስጥ ይጠራቀማል። መጠራቀሙ ነው «ውሃ ውስጥ ነን» የሚለው ምልክት። ማልኮልም ድሩ እና ባልደረቦቹ በ1979 እ.ኤ.አ. በበቆሎ ላይ ኤትሊን እነዚህን የአየር ክፍተቶችና ከግንድ የሚወጡ አዲስ ሥሮችን እንደሚያበረታታ አሳይተዋል። ሴል መግደል ጭካኔ ይመስላል፤ ሁለት ጥቅም ግን አለው። አየር የሚያልፍበት መንገድ ይከፈታል፣ የሚተነፍስ ሴልም ይቀንሳል።

ቀጥሎ ሩዙን አየሁ። ውሃ የተኛበት የሩዝ ሥር በአየር ክፍተት ተሞልቷል፤ ይህን ጠብቄዋለሁ። ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ ግን ውሃ የማይተኛበት ሩዝ ነው። እሱም ክፍተት አለው! ጎርፍ አይቶ አያውቅም፣ ክፍተቱን ግን አስቀድሞ ሠርቶታል። ውሃ ሲመጣ ይጨምረዋል እንጂ ከዜሮ አይጀምርም። በቆሎው ኤትሊን እስኪጠራቀም፣ ሴል እስኪሞት፣ ክፍተቱ እስኪያያዝ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ የሥር ጫፍ ይሞታል። የአተሩ ሥር ደግሞ ምንም የሚረባ ክፍተት አልነበረውም፤ ስቆርጠውም ምላጩ ሥር እየተጨፈለቀ አስቸግሮኛል።

ከዚህ በኋላ ማስታወሻዬ ውስጥ በትልቁ የጻፍኩት ይህን ነው፦ ልዩነቱ የጥንካሬ ሳይሆን የጊዜ ነው። ማን ቀድሞ ተዘጋጀ?

ሰማያዊው ፈተና

የሩዙ ዘንግ ላይ ያየሁት ዝገት አላስቀመጠኝም። ኦክስጅን ታች ከየት መጣ? ከሥሩ ራሱ እየወጣ መሆን አለበት። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል።

ሜቲሊን ብሉ የሚባል ቀለም አለ። ኦክስጅን ባለበት ሰማያዊ ነው፣ ኦክስጅን ሲጠፋበት ቀለም አልባ ይሆናል። በሊትር 1 ግራም አጋር ባለበት ውሃ ውስጥ ትንሽ ሜቲሊን ብሉ አሟሟሁ። ከዚያ ሶዲየም ዳይቲዮናይት ጨመርኩ፤ ጨርቅ ቀለም የሚነከርበት ቦታ የሚጠቀሙበት ነጭ ዱቄት ነው። ኦክስጅኑን ይበላዋል። የምትሞክሩት ካላችሁ ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ዱቄቱን ከእርጥበት አርቁ። ዱቄቱ ሲገባ ሰማያዊው ውሃ ከታች ወደ ላይ እየነጣ ይሄዳል።

ሁለት የሩዝ ችግኝ ሥራቸውን አጥቤ አስገባሁ። አንዱ ውሃ ከማይተኛበት ማሰሮ፣ ሌላው ከተኛበት። ቅጠሉ ከላይ አየር ላይ ነው። ከዚያ ተቀምጦ ማየት ነው።

መጀመሪያ የማይተኛበት ጀመረ። በሥሩ ዙሪያ፣ በአብዛኛው ርዝመቱ፣ ቀጭን ሰማያዊ ጥላ ታየ። ከቅጠሉ ገብቶ በክፍተቱ የወረደው ኦክስጅን በጎን እየፈሰሰ ነው። ውሃ የለመደው ሥር ግን ከላይ ንጹሕ ነው፣ ምንም አልፈሰሰበትም። ወደ ጫፉ ሲጠጋ ብቻ ሰማያዊ ደመና ይወጣል። ይኸውም ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲያድግ የውጭ ሴሎቹን ግድግዳ ሱበሪን በሚባል ሰም መሰል ነገር ስለሚለብጣቸው ነው፤ ቡሽ የሚሠራበት ነገር ነው። ኦክስጅኑ በመንገድ አይባክንም፣ በጣም ወደሚፈለግበት ወደ ጫፉ ይደርሳል። ግድግዳው ከውጭ የሚመጡትንም መርዞች ይከለክላል።

ብርቱካናማው ነገርም እዚህ ተፈታ። ከሥሩ የሚያመልጠው ኦክስጅን በአፈሩ ውስጥ የሟሟውን ብረት ወደ ዝገት ይመልሰዋል። የሩዙን ሥር ሳጥበው ብርቱካናማ ልባስ የነበረው ለዚህ ነው። በጥፍር ስፍቀው ይነሳል፣ ከሥሩ ነጩ ሥር ይታያል። በዚያች ጠባብ ዙሪያ ሩዙ የአፈሩን ኬሚስትሪ ለራሱ ቀይሮታል።

የበቆሎውንም ሞከርኩ። ክፍተት ሠርቷል፣ ኦክስጅንም ይወርዳል፤ ግን በርዝመቱ ሁሉ ይፈስበታል። የተለመደው በቆሎ ይህን የሱበሪን ግድግዳ አይሠራም። የሚገርመው የዱር ዘመዱ ይሠራል። በኒካራጓ ጎርፍ በሚደጋግመው የባሕር ዳርቻ ሜዳ የሚበቅል ቴዎሲንቴ አለ፤ ሥሩ በረጋ ውሃ ውስጥ ሲያድግ ግድግዳውን ያበጃል። በቆሎን ከእሱ ጋር እያዳቀሉ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያሉትም ለዚህ ነው።

ቲማቲሙ ሌላ መንገድ ጀመረ

የቲማቲሙ የድሮ ሥር አልቆለታል፤ ቡናማ ነው፣ ሲስቡት ቆዳው ይገፈፋል። ግን ከአፈሩ በላይ፣ ውሃው በሚነካው የግንዱ ክፍል ላይ፣ ነጫጭ እብጠቶች ወጡ። ቀናት ሲያልፉ እብጠቶቹ ሥር ሆኑ። ወደ ውሃው ገጽ ተጠግተው በጎን ያድጋሉ፣ ወደ ታች አይቸኩሉም። ኦክስጅን ያለው ላይ ነውና ትክክል ናቸው። ስቆርጣቸው ከድሮው ሥር ይበልጥ ክፍት ናቸው።

ቲማቲሙ የድሮውን ትቶ አዲስ ሥር ነው የሠራው። አተሩ እዚህ ሳይደርስ አለቀ። በቆሎውም ከታችኛው አንጓ አዲስ ሥር አውጥቷል። በዚህም ቢሆን ሩዝ ይቀድማል፤ በአንጓው ውስጥ የሥር ጅማሬዎች ተሠርተው ይጠብቃሉ። ኤትሊን ሲመጣ ከላያቸው ያለው ቆዳ ሴሎቹን ገድሎ መንገድ ይለቅላቸዋል።

ሙሉ በሙሉ መስመጥ

ሥር ብቻ ሲሰጥም አየሩ በቅጠል ይገባል። ቅጠሉም ሲሰጥምስ? የሩዝ ችግኞችን በጠራ ረጅም የመስታወት ገንዳ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አሰመጥኩ።

ቅጠሉ ብር መሰለ። ውሃ የማይቀበል ገጽ ስላለው ቀጭን የአየር ሽፋን ይዞ ነው የሰመጠው። በዚያ ሽፋን በኩል ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማታ ኦክስጅን ከውሃው ይወስዳል። አንዱን ቅጠል ሳሙና በነካ ለስላሳ ብሩሽ አጥቤ አሰመጥኩት፤ ብሩ ጠፋ፣ አረንጓዴ ብቻ ሆነ። ፀሐይ ሲያርፍበት ብር ያለበት ቅጠል ብዙ አረፋ ያወጣል፣ የታጠበው በጣም ያነሰ። በገንዳው ውስጥ የጠለቀው የኦክስጅን መለኪያም ቀን ይወጣል፣ ማታ ይወርዳል። የሰመጠ ተክል አደጋው የሚከፋው ሌሊት ነው። ውሃው ደፍራሽ ከሆነ ደግሞ ቀኑም ሌሊት ይሆንበታል።

የእኔ ሩዝ ወደ ላይ ይሳባል። አዲሱ ቅጠል በጣም ረዝሟል፣ ቀጥኗልም። አብዛኛው ሩዝ የሚያደርገው ይህን ነው። ጥያቄው ይህ ጥሩ ነው ወይ የሚለው ነው። መልሱ ጎርፉ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

ውሃው ለወራት የሚቆይና እያደገ የሚሄድ ከሆነ መሳብ ነው የሚያድነው። የጥልቅ ውሃ ሩዝ በቀን እስከ 25 ሴንቲሜትር ያህል ሊያድግ ይችላል፤ ግንዱ ውስጡ ክፍት ነው፣ ጫፉ ከውሃ በላይ ከወጣ አየር ይወርዳል። አሺካሪ እና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ይህን የሚያዙትን ስኖርክል 1 እና ስኖርክል 2 የተባሉ ጂኖች አገኙ።

ውሃው ግን በድንገት መጥቶ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ የሚሄድ ከሆነ መሳብ ይገድላል። ተክሉ ስኳሩን ለርዝመት ይጨርሳል፣ ውሃው ሲሄድ ደግሞ ቀጥኖ ይወድቃል። በህንድ ኦዲሻ ግዛት ኤፍ አር 13 ኤ የሚባል የቆየ የሩዝ ዝርያ አለ፤ እሱ ሲሰጥም ዝም ይላል። እድገቱን ያቆማል፣ ስኳሩን ይቆጥባል፣ ሁለት ሳምንት ያህል ሰምጦ ቆይቶ ይነሳል። ሰብ1ኤ የተባለውን ጂን ዡ፣ ማኪል፣ ሮናልድ እና ባልደረቦቻቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉት። ጂኑ በማዳቀል ስዋርና በተባለው በብዙ ገበሬ በሚዘራ ሩዝ ውስጥ ገባ፤ ስዋርና-ሰብ1 በ2009 እ.ኤ.አ. በህንድ ተለቀቀ። በጎርፍ ሰብሉ ይወድምበት ለነበረ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሳይንስ ማሳ ላይ ሲደርስ እንዲህ ነው መድረስ ያለበት ብዬ አምናለሁ።

ስኖርክሎቹም ሰብ1ኤም የአንድ ቤተሰብ ጂኖች ናቸው፤ ሁሉንም የሚያስነሳቸው ኤትሊን ነው። ስኖርክሎቹ ጂበረሊን የሚባለውን የእድገት ሆርሞን ያፋጥናሉ፣ ሰብ1ኤ የእሱን ትእዛዝ ያቀዘቅዛል። ምልክቱ አንድ፣ መልሱ ተቃራኒ። በእኔ ገንዳ ውስጥ ሽቅብ የሚሳበው ሩዝ ትክክል ይሁን ስህተት የሚወስነው ውሃውን መቼ እንደማወጣው ነው።

የዘሩ ነገር

በጎን የሠራሁት ትንሽ ሙከራ ነው፣ ግን ልለፈው አልፈለግኩም። ውሃ አፍልቼ ኦክስጅኑን አስወጣሁ፤ ተከድኖ ሲቀዘቅዝ የሩዝና የአተር ዘር አስገብቼ አፉን ገጠምኩ። አተሩ አብጦ ቀረ፣ ቆይቶም ውሃው ደፈረሰ። ሩዙ በቀለ! ግን የሚያወጣው ነጭ ቀንበጥ ብቻ ነው፣ ሥር የለውም። ይህ ኮሊዮፕታይል የሚባለው የቡቃያ ሽፋን ነው። ዘሩ ያለ ኦክስጅን ስታርቹን ወደ ስኳር መቀየር ስለሚችል ያለውን ሁሉ አየር ፍለጋ ላይ ያውለዋል። ሥሩ አየር ከተገኘ በኋላ ይደርሳል። ክዳኑን ከፍቼ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ሳስቀምጠው ሥር ማውጣት ጀመረ።

ውሃው ሲወጣ

አብዛኛው ሰው ጎርፉ ሲሄድ አደጋው አለቀ ይላል። ማሰሮዎቹ የሚሉት ሌላ ነው።

ከአተሮቹ በሕይወት የቆዩት ውሃው ከወጣ በኋላ ነው ጨርሰው የወደቁት። ከገንዳው የወጣው ሩዝም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቅጠሉን ጠቀለለ። ኦክስጅን ለለመደው ሴል ሕይወት ነው፣ ለታፈነው ሴል ግን በድንገት ሲመለስ ጉዳት ያመጣል። የተቋረጠው የኃይል ማመንጫ ሲነሳ ሴል የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ውላጆች ይፈጠራሉ፤ የተጠራቀመው አልኮልም ወደ አሲታልዴሃይድ ይቀየራል፣ እሱም መርዝ ነው። በዚያ ላይ ብርሃኑ ይበረታል፣ ሥሩ ውሃ መሳብ አልቻለም፣ ቅጠሉ ይደርቃል። ሩዞቹን የተወሰነ ጊዜ በጥላ ካቆየኋቸው በኋላ ከመሃል አዲስ ቅጠል አወጡ።

አንድ ጥያቄ ግን ሥራውን ሁሉ ሲከተለኝ ቆይቷል፦ ተክል ኦክስጅን እንደጠፋ በምን ያውቃል? ሁለት የምርምር ቡድኖች በ2011 እ.ኤ.አ. መልሱን አሳዩ። ለአየር እጦት የሚያዘጋጁትን ጂኖች የሚያበሩ ፕሮቲኖች አሉ። ኦክስጅን ሲኖር ጫፋቸው ይጠቃል፣ ሴሉም ያፈርሳቸዋል። ኦክስጅን ሲጠፋ የሚያፈርሳቸው የለም፤ ስለዚህ ይጠራቀማሉ፣ ሥራ ይጀምራሉ። ሌላ ጥናት ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ኤትሊን ኦክስጅኑ ከመጥፋቱ በፊት እነዚህኑ ፕሮቲኖች እንዳይፈርሱ በማድረግ ተክሉን ቀድሞ እንደሚያዘጋጀው አሳየ። እንግዲህ ጊዜ ነው ያልኩት ነገር በሞለኪውል ደረጃም አለ።

አሁን እየሠራሁ ያለሁት

ሁለት ረድፍ በቆሎ አለኝ። አንደኛው ረድፍ ውሃው ገና ከአፈሩ ገጽ በታች ሳለ ቆይቷል፤ ሥሩ ግማሹ ደረቅ፣ ግማሹ የራሰ። ሌላኛው ውሃ የማይተኛበት ነው። ዛሬ ሁለቱንም አንድ ላይ ባልዲ ውስጥ አስገባሁ፣ ውሃው ሁለት ጣት ከፍ ብሏል። ቀድሞ የለመደው ከሌላው ያነሰ የሥር ጫፍ የሚያጣ ከሆነ፣ በቆሎም ጊዜ ከተሰጠው የሩዝን ዝግጅት በከፊል ይይዛል ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ረድፍ ሥር የምቆርጠው ከጫፉ ሁለት ጣት ርቄ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ክፍተቱ ገና አልተሠራም፣ ንጽጽሩም አይረባም። ዘንጎቹ ተፈትገው ተሰክተዋል። የመጀመሪያውን ምላጭ ነገ አነሳለሁ።